የተማሪውም ሰዓት ይቆጠር

ባሕር ዳር፣ በኦንላይን ትምህርት ረቂቅ ዕቅድ ውይይት ላይ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን በመወከል የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ውድ የትምህርት ጓዶቼ፤

በረቂቁ ላይ የተማሪውን አስተያየት እንዳቀርብ ስለተጋበዝሁ አመሰግናለሁ። ሰነዱ ስለ ሰርቨር፣ ስለ ፋይበር መስመርና ስለ ቀረጻ ስቱዲዮ በሰፊው ያትታል፤ ስለ ተማሪው መዛል ግን አንዲት አንቀጽ የለውም። ስለዚህ የተፈቀደልኝን ጊዜ አብዛኛውን በዚሁ ላይ አውለዋለሁ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ግቢዎች ሲዘጉ፣ በዚያው ወር ማብቂያም ከተማችን ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ሲገደብባት የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ቤቱ ሆኖ ሲጠብቅ፣ እኛ የሁለተኛ ዲግሪዎቹ በኦንላይን እንድንቀጥል ተወሰነ። አንዲት የክፍላችን ልጅ ዘጌ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። ላፕቶፕ አልነበራትም። የሃይድሮሊክስ ሞጁሉን ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ በጣቷ እያሰፋች ታነባለች፤ ቀመሩን ስታጎላው የግራው ወገን ሲታይ የቀኙ ስለሚጠፋ፣ ግማሹን በደብተር ጽፋ ሌላውን ትፈልጋለች። ቀን ውኃ መቅዳቱም እንጀራ መጋገሩም የእሷ ነው፤ ስልኳን ስታነሣ ደግሞ ቤተሰቡ «ከዚህ ጨዋታ መቼ ነው የምትነሺው?» ይላታል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ስለሚረክስ ቤቱ ሲተኛ እሷ ትነሣለች። አሳይመንቱን በእጇ ሠርታ፣ በኩራዝ ብርሃን ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ላከች። ከመምህሩ የመጣው መልስ «ምስሉ አይነበብም፤ ዜሮ» የሚል ነበር።

ወደ ግቢ ስንመለስ የባከነውን ጊዜ ለማካካስ ሴሚስተሩ ታጥፎ ቅዳሜና እሑድም ክፍል ገባን። ያቺ ጥያቄ በመጠየቅ የምትታወቅ ልጅ ኋላ ወንበር ይዛ ዝም አለች። የመመረቂያ ጥናቷን ጉዳይ ሳነሣባት «ምን ያደርጋል?» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሥራ ዝለት ባወጣው መግለጫ በሽታ ነው አላለም፤ በአግባቡ ሳይያዝ ከቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ብሎ ሦስት ምልክት አስቀመጠለት፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው ልብ መሸሽ፣ የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ ቢስ መስሎ መታየት። ድርጅቱ የተናገረው ስለ ሠራተኛ ነው ትሉኝ ይሆናል። ሌሊት ተነሥታ ቀመር የምትገለብጥ ልጅ ሠራተኛ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው? እኛ ግን በየስብሰባው ስሟን ስናነሣ «የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው» እየተባለ ይታለፋል። ይህን የሚል ሰው የእሷን አንድ ሌሊት በእሷ ስልክ ይሞክረውና ከዚያ ይናገር!

ቁጥር ለሚወድም ቁጥር አለኝ። በሥርዓተ ትምህርታችን አንድ ኢሲቲኤስ፣ ማለትም የኮርስ ጫና የሚለካበት ነጥብ፣ 27 የተማሪ የሥራ ሰዓት ነው፤ አምስት ኢሲቲኤስ ያለው ኮርስ 135 ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። ኔትወርክ እስኪመጣ የሚጠበቀው፣ ፋይል ሲቋረጥ እንደገና የሚወርድበት፣ መብራት ሲጠፋ የሚባክነው ሰዓት በየትኛው መዝገብ ገባ? ፊት ለፊት ሲሆን ትምህርቱ ክፍሉ ሲያበቃ ያበቃል፤ ተማሪውም ከጓደኛው ጋር ጣና ዳር ወጥቶ ነፋስ ይቀበላል። በኦንላይኑ ግን መምህሩ ከምሽቱ አራት ሰዓትም ይልካል፣ እሑድም ይልካል።

ስለ መብራት ብዙ አልልም፤ የምታውቁት ነው። የምክር አገልግሎቱም ቢሮ አለው፤ ተማሪው ግን በስልክ የሚያገኘው ሰው የለም።

ስለዚህ ረቂቁ ሦስት ነገር እስኪጨመርበት ድረስ እኛ ተወካዮቹ አንፈርምም። የእያንዳንዱ ኮርስ ጫና ከፋይል ማውረጃው ጋር በሰዓት ይሰላ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላና እሑድ አሳይመንት አይላክ። በእጅ የተሠራ ሥራ ፎቶው ካልተነበበ ተማሪው ዜሮ ከመሰጠቱ በፊት በስልክ ይጠራ። ረቂቁ ተስተካክሎ በሚቀጥለው ስብሰባ ከቀረበልን ብዕራችን ዝግጁ ነው።

አመሰግናለሁ።