ጸሎቱ ንግግር አይደለም ወይ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ቡናዬ ብቻ ነን፣ ስንተኛው ስኒ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ባለፈው የጀመርኩትን የፈተናውን ወሬ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፣ እሱ ይቆይ። በንግግር ሕክምና ልምምዴ ላይ ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለ።

አንዲት እናት ናቸው። ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀያይሬዋለሁ። ስትሮክ ነው፣ የተጎዳው የአንጎላቸው ግራ ክፍል ነው። አፌዥያ ይባላል፣ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የቋንቋ ችግር። አብዛኛውን ይሰማሉ፣ ይረዳሉ። ቃሉ ነው እምቢ ያላቸው። ከምንሠራው መካከል አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ወደ እኔ መጡ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባል የለ? አያቴ ይህን የምትለው ሰው ምስጢር ሲያመልጠው ነበር። አሁን ተረቱን ሳስብ የሚመጡብኝ እኚህ እናት ናቸው።

ስኒ አሳየኋቸው። «እማማ፣ ይሄ ምንድነው?» ያውቁታል እኮ! በእጃቸው ፉት ሲሉበት አሳዩኝ። «እ... እ...» ከዚያ ጠረጴዛውን መቱት። እኔም «ስ...» ብዬ መነሻውን ሰጠኋቸው፣ አልመጣም። እስኪ አብረን እንቁጠር ብዬ አንድ፣ ሁለት ስል፣ ሦስት፣ አራት እያሉ አሥር ደረሱ። ልጃቸው ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ «አባታችን ሆይ» አልኩ። «በሰማያት የምትኖር» ብለው ተቀበሉኝና እስከ አሜን ድረስ ሄዱ፣ አንድ ቃል ሳይስቱ፣ ድምፃቸው ራሱ ተለውጦ።

ልጁ አለቀሰ። «ተናገረች! እማዬ ተናገረች እኮ!»

እኔ ምን አልኩ? በአማርኛ፣ እሳቸው ፊት፣ «ይሄ እንኳን ንግግር አይደለም፣ በቃል የተያዘ ስለሆነ ነው የሚወጣው» አልኩት።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉና መስኮቱን ማየት ጀመሩ። የዚያን ቀን ሌላ ምንም አልሠራንም።

ያልኩት ስህተት አይደለም። ቁጥር፣ የሳምንቱ ቀናት፣ ሰላምታ፣ ጸሎት፣ ስድብም ጭምር፣ ከሌላው ንግግር በተለየ መንገድ ሊተርፉ ይችላሉ። አዲስ ነገርም አይደለም። በፈረንጆቹ 1861 ፓሪስ ውስጥ ብሮካ የሚባለው ሐኪም የመረመረው ሰው፣ ሌቦርኝ፣ ከሃያ ዓመት በላይ «ታን» ከማለት በቀር የሚለው አልነበረውም፤ ሲናደድ ግን የአምላክን ስም የሚጠራ እርግማን ያመልጠው ነበር። ይህን ትምህርት ቤት ስማር በጣም ነበር የወደድኩት። ያኔ ግን ሌቦርኝ ለኔ የመጽሐፍ ሰው ነበር። እናት አልነበረም።

ለቤተሰብ የውሸት ተስፋ አትስጡ ተብለናል፣ ልክ ነው። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የጸለዩትን ጸሎት ንግግር አይደለም ማለት... ለእኔ እንዳልተናገሩ አውቃለሁ። ለማን እንደተናገሩ ደግሞ እሳቸው ያውቃሉ።

ከዳላስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የንግግር ሕክምና ሙያ ውስጥ ልግባ ወይ ብለሽኛል፣ አልረሳሁሽም። እዚህ አሜሪካ ማስተርስ ያስፈልጋል። 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ አለ፣ 25ቱ መመልከት፣ 375ቱ ራስሽ የምትሠሪው። ከዚያ ፕራክሲስ የሚባለው ፈተና፣ ከዚያ እኔ አሁን ያለሁበት የልምምድ ዓመት፣ ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት። ግቢ። በጣም እንፈልግሻለን። ልጃችሁ ንግግር ስለዘገየበት አማርኛውን ተዉት እየተባሉ የሚመጡ ወላጆች አሉ፣ ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም ብሎ በራሳቸው ቋንቋ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። ይሄን ሌላ ቀን ለብቻው አወራበታለሁ፣ ያናድደኛል። ብቻ ግቢ። ማክሰኞ ላይ እንደኔ ስትሆኚ ምን እንደምታደርጊ ግን... እኔም እንጃ።

በዜማ ማናገር የሚባል ሕክምና አለ፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ቦስተን ውስጥ የተጀመረ። አጭር ሐረግ በዜማ እያሉ፣ በግራ እጅ ምት እየመቱ፣ ቀስ በቀስ ዜማውን ቀንሶ ወደ ንግግር መመለስ ነው። በቅዳሴ ዜማ ላደጉ ሰው ይስማማቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን ጸሎታቸውን ንግግር አይደለም ብዬ፣ ዞሬ ደግሞ ዜማውን ለሥራዬ ልጠቀምበት? አይከብድም? ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው?

እማዬ፣ ያው ዛሬም የአፍ ሐኪም ነው የምትለኝ፣ በስልክ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ይቅርታ ጠየቅሻቸው?»

ሐሙስ ዕለት ገባሁ። ልጁ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ያዝኩና «እማማ፣ ማክሰኞ ላልኩት ነገር ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ቆዩ። በጣም ቆዩ። ከዚያ «አሜን» አሉ።

አሜን። አሁን ይሄ መልስ ነው? ወይስ እሱም በቃል የተያዘ... እጄን ጠበቅ አድርገውት ነበር፣ እሱን አውቃለሁ። የዕለቱን ማስታወሻ ስጽፍ በራሳቸው ያሉት ነው ወይስ በልማድ የወጣ ማለት ነበረብኝ። ሦስቴ ጻፍኩት፣ ሦስቴ አጠፋሁት። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ያ መስመር አሁንም ባዶ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ኃላፊዬ ታየዋለች፣ እና...