የቲሞር፣ የአሎርና የፓንታር ቋንቋዎች፦ ዝምድናቸው በምን ይታወቃል?

ብሩክ፦ ሰላማዊት፣ «ፓፑዋዊ» ሲባል ብዙ ሰው አንድ የቋንቋ ቤተሰብ ይመስለዋል።

ሰላማዊት፦ አይደለም። በኒው ጊኒና በዙሪያዋ ከሚነገሩት ውስጥ አውስትሮኔዥያዊም (ማላይን የያዘው ሰፊ የቋንቋ ቤተሰብ ማለት ነው)፣ የአውስትራሊያ ነባርም ላልሆኑት የተሰጠ የጅምላ ስም ነው። ዝምድናው ለየቤተሰቡ መረጋገጥ አለበት። ዛሬ የምናነሳቸው የሚነገሩት በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ፣ በአሎርና በፓንታር ደሴቶች ነው፤ ቲሞር ላይ ደግሞ እነ ቡናክ፣ ማካሳይና ፋታሉኩ አሉ።

ብሩክ፦ ማስረጃው ምንድን ነው?

ሰላማዊት፦ ድምፆቹ በሥርዓት መለዋወጣቸው ነው። አሳማ በፓንታሩ ቋንቋ በቴይዋ «ባይ»፣ በአሎሮቹ በአቡይ «ፌ»፣ በዌርሲንግ «ፔይ» ይባላል። አሬካ የተባለውን የሚታኘክ ፍሬም ቴይዋ «ቡይ»፣ አቡይ «ፉ»፣ ዌርሲንግ «ፑ» ይሉታል። የቃል መነሻ «ብ»፣ «ፍ» እና «ፕ» ያው በየቦታቸው ተመለሱ ማለት ነው። ቲሞር ላይም ለአሳማ ማካሳይ «ባይ»፣ ፋታሉኩ «ፓይ» አላቸው።

ብሩክ፦ ቃል ሲሰበሰብ ስህተት የሚበዛው የት ነው?

ሰላማዊት፦ የአካል ክፍሎች ላይ። «እጅ» ያለ ባለቤት አይነገርም። የአቡይ ተናጋሪ «ናታንግ» ቢልህ «እጄ» ማለቱ ነው፤ ከቴይዋ ደግሞ «ጋታን»፣ «እጁ» የሚለውን ጽፈህ ሊሆን ይችላል። እንዳለ ካነጻጸርከው «ና»ን ከ«ጋ» ጋር ታመሳክራለህ፣ የሌለ ሕግም ታወጣለህ። ስለዚህ «እጄ»፣ «እጅህ»፣ «እጁ» እያልክ ሁሉንም አስነግር፤ የሚቀያየረውን ቅድመ ቅጥያ ስታነሳ «ታንግ» እና «ታን» ይቀሩልሃል።

ብሩክ፦ የውሰት ቃላትም አሉ። ጠረፉ ላይ አሎሬዝ የሚባል አውስትሮኔዥያዊ ቋንቋ ይነገራል፤ ማላይም አለ።

ሰላማዊት፦ እነሱን ሳታወጣ የምትቆጥረው የተመሳሳይ ቃላት መቶኛ ጉርብትናን እንጂ ዝምድናን አይለካም።

ብሩክ፦ ከኒው ጊኒ ጋርስ ይዛመዳሉ?

ሰላማዊት፦ ክርክሩ እዚያ ላይ ነው። በ1975 የቋንቋ ተመራማሪው ስቴፈን ቩርምና ባልደረቦቹ፣ ብዙ የኒው ጊኒ ቋንቋዎችን ያቅፋል በተባለው ትራንስ ኒው ጊኒ በሚሉት ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ አስገቧቸው። ማልኮም ሮስም በ2005 ተውላጠ ስሞችን ይዞ እዚያው መደባቸው፤ ከማስረጃዎቹ አንዱ ለ«እኔ» የሚገባው «ና» ነው።

ብሩክ፦ «ና» ግን በጣም አጭር ነው። «ን» ያለበት «እኔ» ደግሞ በሌላው ዓለምም ሞልቷል።

ሰላማዊት፦ ልክ ነህ፣ ችግሩ እሱ ነው። ጋሪ ሆልተንና ላውራ ሮቢንሰን በ2014 ባወጡት ጥናት መሠረታዊ ቃላቱን ፈትሸው በቂ ማስረጃ አላገኙም። እኔም የምስማማው ከእነሱ ጋር ነው። የአሎርና የፓንታር ከቲሞሮቹ ጋር መዛመድ በድምፅ ሕግ የቆመ ነው፤ ከኒው ጊኒ ጋር ያለው ገና መላምት ነው። ካርታ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ሁለቱን በአንድ ቀለም አትቀቡ።