የተውሶ ሕፃን

እንደምን አመሻችሁ! ስለ አሮጌ ፎቶ ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ ካርድ ከፊት ረድፍ ጀምሬ እያዞርኩ ነው። ቅጂ ነው፣ አትሳሱለት። ኋላ ላላችሁ እስኪደርስ ልንገራችሁ። መዳፍ ላይ ያርፋል፤ 6 በ10 ሴንቲሜትር ገደማ። አንድ አጭር ሰው፣ አንዲት አጭር ሴት፣ እቅፏ ውስጥ ነጭ የለበሰ ሕፃን።

ሰውዬው ቻርልስ ስትራተን ነው፤ የመድረክ ስሙ «ጄኔራል ቶም ታምብ»። ፒ.ቲ. ባርነም የሚባል የትርዒት ነጋዴ ገና በ4 ዓመቱ ቀጠረውና «11 ዓመቱ ነው» እያለ ለኒውዮርክ ሕዝብ አሳየው። ባርነም ትርዒት ቤቱን ሙዚየም ይለው እንጂ ውስጡ የቲያትር አዳራሽም ነበረው። ሴትዮዋ ላቪንያ ዋረን ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1863 ሲጋቡ አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች። ጋዜጦቹ ግን ለሰርጉም ቦታ አላጡም።

ፎቶው የተነሳው የጦርነቱን ሙታን በፎቶ ለሕዝብ ባሳየው በፎቶ አንሺው በማቲው ብሬዲ ስቱዲዮ ነው። የካርዱ አሠራር ዘዴ የፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ የዲስዴሪ ነበር፤ በ1854 ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያወጣበት። በአንድ መስታወት ላይ 8 ያህል ምስል ይነሳል፣ ይታተማል፣ ይቆረጣል፣ ካርቶን ላይ ይለጠፋል። ዋጋው ረከሰ ማለት ነው። ተመልካቹ ትርዒቱን አይቶ ሲወጣ ካርዱን ገዝቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ካርድ ፊርማም ነበረው። ያለ ክንድ የተወለደችው አን ሊክ ቶምሰን ብዕሩን በእግር ጣቶቿ ይዛ ጀርባው ላይ ትጽፍ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ግን አልበሙ ነው። ካርዱ ሁሉ አንድ መጠን ስለነበር የአልበሙ ኪስም አንድ ነው። አያት፣ አጎት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ቶም ታምብ፤ ሁሉም ጎን ለጎን ይገባሉ። መጋረጃ ከተዘጋ በኋላ ትርዒቱ ሳሎን ድረስ ገባ፣ ከዘመድ ጋር ተቀመጠ። እንግዳ ሲመጣ አልበም ማውጣት የእኛም ቤት ወግ ነውና፣ ሁኔታውን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ሕፃኑ። ገዢዎቹ የጥንዶቹ ልጅ ነው ብለው አመኑ፤ ለምን አያምኑ? እናት፣ አባት፣ ልጅ፤ ከራሳቸው የቤተሰብ ፎቶ በምን ይለያል? ስትራተን በ1883 ሞተ። ላቪንያ ከብዙ ዓመት በኋላ እውነቱን ተናገረች። ልጅ ወልዳ አታውቅም። ሕፃኑ የተጣሉ ሕፃናት ከሚያድጉበት ቤት የመጣ ነው። ባስፈለገ ቁጥር በሌላ ይቀየራል። እንግሊዝ ሲሄዱ የእንግሊዝ ሕፃን፣ ፈረንሳይ ሲሄዱ የፈረንሳይ። የእነዚያን ሕፃናት ስም የጻፈ ካርድ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ካርዱ ሦስተኛው ረድፍ ደርሷል መሰለኝ። ጥንዶቹን ተዉአቸውና ሕፃኑን እዩት።