የዝውውር ቅጹ የመጀመሪያ መስመር፦ ከጅማ ወደ ግቤ አፋፍ

እንደምን ሰነበታችሁ። በዛሬው ክፍል እንግዳ የለኝም። የማነሣው ጉዳይ ከሌላ ሰው ጋር ከመወያየቴ በፊት ለራሴ ጮክ ብዬ ላስረዳው የሚገባኝ ሆኖ ስላገኘሁት ብቻዬን ቀርቤአለሁ። የምቀዳው ጅማ ከሚገኘው ቤቴ ነው፤ ከኋላ የምትሰሙትም ከቀትር ጀምሮ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የዋለው ዝናብ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የመምህራን የዝውውር ቅጽ ተቀምጧል። ቅጹ ልዛወርባቸው የምፈልጋቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል የምጽፍባቸው ሦስት ባዶ መስመሮች አሉት፤ እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ እስክሪብቶ አንሥቼ መልሼ አስቀምጣለሁ።

በሙያችን የተለመደው ዝውውር ከገጠር ወደ ከተማ ነው። መምህር በገጠር ትምህርት ቤት ዓመታት ቆጥሮ፣ ነጥብ አጠራቅሞ፣ ደጅ ጠንቶ ጅማን የመሰለ ከተማ ሲያገኝ ዘመድ አዝማድ ደስ ይለዋል። ስለዚህ ባልደረቦቼ «አንቺ እጅሽ የገባውን ከተማ ለቀሽ ወዴት ልትሄጂ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ አልከፋም። መልሴ ግን ለብዙዎቹ እንግዳ ይሆንባቸዋል። የምኖርበትን ከተማ መምረጥ የምፈልገው በአለቱ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ገመዴን ተሸክሜ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደህና አለት ሥር መድረስ የምችልበት ቦታ መኖር እፈልጋለሁ።

በገመድ ተይዞ ቀጥ ያለ አለት መውጣትን የተማርሁት መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ለዕረፍት ወደ ሐውዜን በሄድሁ ጊዜ የገርዓልታን ቀያይ የአሸዋ ድንጋይ ዓምዶች ሊወጡ የመጡ እንግዶች አገኘሁ፤ ትርፍ የወገብ መታጠቂያ ነበራቸውና ሞክሪ አሉኝ። በዚያ አካባቢ ሰው አለት ላይ ሲወጣ ማየት ማንንም አያስደንቅም። ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው፣ አለቱን በእጅና በእግራቸው እየቧጠጡ ይወጣሉ። ደብረ ዳሞ ገዳም የሚገቡ ወንዶችም 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ይወጡታል። ደብረ ዳሞ ለሴት ስለማይፈቀድ እኔ ከሥሩ ቆሜ ነው ያየሁት፤ የጠፍሩን ገመድ ወዝና የሚይዙትን ሰዎች ክንድ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ታዲያ ለምን በቅጹ ላይ ሐውዜን ብዬ አልጽፍም? ከጅማ እስከዚያ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እናቴ ደግሞ እዚህ ናት። ስለዚህ አለቱን መፈለግ ያለብኝ እናቴ ስትጠራኝ በዚያው ቀን ልደርስላት በምችልበት ርቀት ውስጥ ነው። ገርዓልታ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። የአሸዋ ድንጋይ ዝናብ ሲመታው ውኃውን ወደ ውስጡ ይስባል፤ ላዩ ደርቆ እንኳ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ከተያዘ ይፈረካከሳል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ታግሦ መጠበቅ የግድ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ አለት ስሰማ ቁመቱን ከመጠየቄ በፊት በዓመት ስንት ቀን ደረቅ እንደሚሆን እጠይቃለሁ።

ጅማን በዚህ ጥያቄ ስመዝናት ችግሩ ወዲያው ይታየኛል። ጅማ የተቀመጠችው አለት ላይ ነው፤ አለቱ ግን አይታይም። የደቡብ ምዕራቡ ደጋማ ምድር ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ባለው ዘመን ከከርሠ ምድር በፈሰሰ ባዛልትና ራዮላይት የተሠራ ነው። ይህ አለት ለእጅ የሚመች፣ በስንጥቅ የተሞላ ጠንካራ አለት ነው። ነገር ግን ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከበልግ ጀምሮ ክረምቱን አልፎ ይዘልቃል። ይህን ሁሉ ዘመን ሲወርድ የኖረው ውኃና ሙቀቱ ተባብረው አለቱን አብስለው ወደዚያ ጥልቅ ቀይ አፈር ለውጠውታል። ቡናውን የሚያበቅለው አፈር የእኔው አለት ነበር ማለት ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆሜ ከተማዋን ቁልቁል ስመለከት፣ ከአረንጓዴው ሥር ያለውን ጥቁር አለት በዓይነ ኅሊናዬ ለማየት እሞክራለሁ።

እርጥበቱ ቤት ውስጥም ይከተለኛል። ገመዴ ከመኝታዬ በላይ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ በሰፋፊ ቀለበት ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ናይለን ስለሆነ ውኃ ሲጠጣ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ሲደርቅ መልሶ ያገኘዋል። በክረምት በየሳምንቱ አውርጄ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቼ መካከል እያሳለፍሁ እዳስሰዋለሁ፤ የሳሳ ወይም የሻከረ ቦታ ካለ ዓይን ሳያየው ጣት ያገኘዋል። ከግንባታ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ ገመድ ይህን ሊተካ እንደማይችል ለሚጠይቁኝ ወጣቶች ደጋግሜ እነግራለሁ። የእኛ ገመድ ሰው ሲወድቅ እየተለጠጠ የውድቀቱን ኃይል ይቀንሳል፤ የማይለጠጥ ገመድ ያንኑ ኃይል በወዳቂው ወገብ ላይ ያሳርፈዋል። እባካችሁ ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ ግቤን ያውቃል። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ሰው ሹራቡን ያወልቃል። ድልድዩ ያለበት ቦታ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጅማ የሚሞቅና የሚደርቅ ቆላ ነው። በሸለቆው ግራና ቀኝ አፈሩ ሳስቶ አለቱ ይወጣል። እኔም ከዓመታት በፊት በመስኮት በኩል ጥቁር ግድግዳ፣ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ ያለበት ግድግዳ፣ አይቼ አንገቴ እስኪዞር ተመለከትሁት። ትክክለኛ ቦታውን የማልናገረው ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ይሁን እንጂ አለቱ አጠገብ መኖርና ሸለቆው ውስጥ መኖር አንድ አይደሉም። የግቤ ሸለቆ በወባና ከብቱን በሚፈጀው፣ ዝንብ በሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ሲፈተን የኖረ አገር ነው፤ የገንዲን ዝንብ ለመቀነስም ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሠርተውበታል። አቤልቲም ሆነች ሶኮሩ፣ ሌሎቹም ትንንሽ ከተሞች ከሸለቆው በላይ በወይና ደጋው ላይ የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጤፍም በቆሎም ይበቅላል። ስለዚህ አፋፉ ላይ አድሮ ማለዳ ወደ አለቱ መውረድ ይሻላል፤ በጥር ቀትር ላይ ጥቁሩ አለት እጅ ያቃጥላልና አራት ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ ያስፈልጋል።

ወቅቱም የራሱ ጣጣ አለው። አለቱ የሚደርቀው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ የጅማ ሰው በሙሉ ቀይ ቡና ለቀማ ላይ ነው። ገመድ የሚይዝልኝ ባልደረባዬ የሊሙ ልጅ ነው፤ ኅዳርን ቤተሰቡ ጋ ሄዶ የታጠበ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲያገላብጥ ያሳልፋል። አለቱም ቡናውም የሚጠብቁት ያንኑ ፀሐይ ነው። የግሪኳ ካሊምኖስ ደሴት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበረች። የስፖንጅ ጠላቂዎች አገር የነበረችው ይህች ደሴት አለት መውጣት የተጀመረባት በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሲሆን አለት ወጪዎች የሚመርጡት ጸደይንና መኸርን ነው፤ የባሕር ዳር እንግዳ በማይበዛበት ጊዜ ቤቶቿ ሰው አገኙ። እኛ ዘንድ ግን አለት ወጪና ቡና ለቃሚ በአንድ ወር ይገናኛሉ። በታኅሣሥ ገመድ ያዥ መለመን ከቡናው ላይ እጅ መቀነስ ስለሆነ ተስፋዬን ያደረግሁት በጥርና በየካቲት ላይ ነው።

አሁን ቦታውን የማልናገርበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደዚያ ግድግዳ በሄድሁ ቀን ስምንት ሜትር ያህል ወጥቼ ነበር። ቀኝ እጄን ስንጥቁ ውስጥ ለመስደድ ክንዴን ሳነሣ ከውስጡ ሞቅ ያለ አየር ፊቴን መታኝ፤ ሰም ሰም ይሸታል። ቀጥሎ ድምፁን ሰማሁ፤ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ በአለቱ በኩል ወደ ጉንጬ የሚመጣ ድምፅ። በዚያው ቅጽበት አንድ አዛውንት ከታች ሆነው በኦሮምኛ «ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ እጅሽን አታወናጭፊ!» አሉኝ። ባልደረባዬ ገመዱን እየለቀቀ አወረደኝ። ንብ የነደፈው ሰው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ መሸሻ የለውም፤ ይህን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አዛውንቱ አልተቆጡም። ዱላቸውን ተደግፈው ተቀመጡና «ልጄ፣ ከባለቤቱ ጋር ሳትመክሪ የሰው በር ታንኳኪያለሽ?» አሉኝ። ያ ስንጥቅ ከአባታቸው የወረሱት የማር ቦታ ነበር። በሌሊት፣ በጭስ፣ ከላይ በገመድ ወርደው ማሩን ይቆርጣሉ፤ ከእኔ በፊት የዚያ አለት ወጪ እርሳቸው ነበሩ። አፈርሁ። የገደሉን ቁመት በዓይኔ ለክቼ፣ የስንጥቁን ስፋት በጣቴ ገምቼ፣ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግራው በኩል ባለው ግድግዳ ብቻ፣ ማሩ ከተቆረጠ በኋላ እንድንወጣ ተስማማን። አለት በስቶ ገመድ የሚያያዝበትን ቦልት መትከልን በተመለከተም፣ አንዴ የተበሳ ቀዳዳ ስለማይመለስ፣ የአካባቢው ሰዎች ተሰብስበው ሳይስማሙ መሰርሰሪያ ይዤ እንደማልሄድ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። እኔ ዛሬ ስሙን ብናገር ነገ የሚመጣው ሰው እኚህን አባት አይጠይቅ ይሆናል።

ከተማ የመረጥሁበት ቀን ግን ሌላ ነው። ባለፈው ጥር ባልደረባዬ ወደ አለቱ በሚያደርሰው ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ከዳውና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ገና ገመድ እንኳ አልፈታንም። እግሩ በዓይናችን እያየን አበጠ፤ ጫማውን ማውለቅ አልተቻለም። የስልክ ኔትወርክ አልነበረም። እየሮጥሁ ወደ መንደሩ ወጥቼ የመጀመሪያውን ደጃፍ አንኳኳሁ። ሰዎቹ ስሜን አልጠየቁኝም። አንዱ ከእድሩ ዕቃ ቤት ቃሬዛ አወጣ፤ ሁለት ለስላሳ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ በመሐሉ የተጠላለፈ ጠፍር ያለው፣ ብዙ ሰው የተሸከመ መሆኑ ከእጀታው የሚታይ ቃሬዛ። ሴቶቹ ጋቢ ደረቡበት። ስምንት ወንዶች እየተፈራረቁ ያንን አቀበት ተሸክመውት ወጡ፤ ተሸካሚ ሲቀየር ቃሬዛው አንዴም መሬት አልነካም። ከአስፋልቱ በሚኒባስ ወደ ጅማ ሆስፒታል እስክንገባ ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጅቷል። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ተመስገን።

በዚያ መንገድ ላይ ከቃሬዛው ኋላ ስከተል ያሰብሁት ነገር ነው ዛሬ ይህን ቅጽ ያስያዘኝ። እነዚያ ሰዎች የተሸከሙት የእድራቸው አባል ያልሆነ፣ ለቀብራቸው ያልቆመ፣ ለድንኳናቸው ያልከፈለ እንግዳ ነበር። ከጅማ እየተመላለስሁ አለታቸውን መውጣት እችላለሁ፤ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ነገር ግን በጎደለ ቀን የእነርሱን ትከሻ እየተበደርሁ፣ በሞላ ቀን ወደ ከተማዬ መመለስ ልክ ሆኖ አልታየኝም። እዚያ ከኖርሁ ልጆቻቸውን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ወር በገባ መዋጮዬን እከፍላለሁ፤ የሌላ ሰው ተራ ሲደርስ ከቃሬዛው ኋላ ውኃ ይዤ እሄዳለሁ።

የሚጎድለኝን አልደብቅም። ጅማ ውስጥ ሰፊ ቤተ መጻሕፍት፣ ትልቅ ሆስፒታል፣ በየመንገዱ ፍራፍሬ፣ ማታ ማታ በእግር የምወጣበት ጎዳና አለኝ። እዚያ መብራት ሲጠፋ ቶሎ አይመለስም ይባላል፤ ይህን ፖድካስትም በየሳምንቱ መጫኔ ያጠራጥራል። እናቴ ሳምንቱን ብቻዋን ትሆናለች፤ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና ገመዱን ቀና ብላ አይታ «ይሄን ነገር እዚያ ወስደሽ ቢደርቅ ይሻላል» አለችኝ። ፈቃዷ እንደሆነ ገብቶኛል።

በመጀመሪያው መስመር ላይ ሶኮሩ ወረዳ ብዬ ጽፌአለሁ። ሁለቱን መስመሮች ገና አልሞላኋቸውም። ባለፈው እሑድ ለአዛውንቱ ደውዬ ዝውውሩ ከተፈቀደ በአካባቢው ቤት ለመከራየት እንዳሰብሁ ነገርኋቸው። «ቤቱን እኛ እንፈልግልሻለን» አሉኝ፤ «አንቺ የእድሩን መመዝገቢያ ይዘሽ ነይ። ስብሰባው ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው።» ቀኑን በቅጹ ጀርባ በእርሳስ ጽፌዋለሁ።