መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ድምፅ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ መብራት የለም። ሌላው የጎንደር ሰፈር እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እኛ ማራኪ ጋ ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጨለማ ነው። ሻማ አብርቻለሁ። ማይኩ ትንሽዬ ሳውንድ ካርድ ላይ ተሰክቷል፣ ሳውንድ ካርዱ ከላፕቶፑ ባትሪ ይበላል። ባትሪው እስኪያልቅ እናወራለን።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዛሬ የሰካሁት ገመድ የተበላሸ ነው። ሆን ብዬ ነው የሰካሁት። ከአሥር ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ያበላሸሁትም ራሴ ነኝ። አሁን ግን ስሙት።

(ዝምታ)

ንጹሕ ነው አይደል? መብራት ስለሌለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪ እያለሁ ሞንታርቦ የሚያከራይ ሰው ጋ እሠራ ነበር። ጋሼ ነው የምለው። ሥራዬ ስፒከር መሸከም፣ ገመድ መጠቅለልና «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» ማለት ነው። ጥር ላይ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጎንደር ውስጥ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር አታገኙም። እኛም እንቅልፍ የለንም። አንድ ቅዳሜ አዘዞ ሠርግ ነበረን። ዋዜማው ማታ ዕቃ ስፈትሽ አንዱ የማይክ ገመድ ድምፁ ሰለለ፣ ልክ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው።

ከፈትኩት። የማይክ ገመድ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ሁለት የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎችና በዙሪያቸው የተሸመነ የመዳብ መረብ። ጫፉ ላይ ያለው ጃክ ሦስት እግር አለው፤ መረቡ ቁጥር አንድ እግር ላይ ይበየዳል፣ ሽቦዎቹ ሁለትና ሦስት ላይ። የሦስተኛው እግር ሽቦ መሃል ላይ የሆነ ቦታ ተበጥሷል። አዲስ ገመድ ስጠኝ ብል ጋሼ ይቆጣል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ሦስትን ከአንድ ጋር በየድኩት። ተበጥሶ የቀረውን ሽቦ ሥራ መረቡ ይሥራው ብዬ ነው። ሞከርኩት፣ ጮኸ። ጀግና ነኝ አልኩ።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ገመዱን ዘረጋሁ። በጓሮ በኩል ለምጣድ የተዘረጋ ወፍራም የመብራት ገመድ ነበር፣ የእኔም ገመድ ከሱ ጎን ለጎን ሄደ። ሽማግሌው ሊመርቁ ተነሡ። ማይኩን ያዙ። እምምምምም! ምርቃቱን በሙሉ ዋጠው። ሰዉ ምን ላይ እንደሆነ ሳያውቅ «አሜን» ይላል።

ጋሼ መጥቶ ገመዱን ነቅሎ ሌላ ሰካ። ሌላውም እኮ በዚያው በምጣዱ ገመድ አጠገብ ነው የተዘረጋው። ግን ጸጥ አለ። ይሄ ነው የገረመኝ። ለዓመታት ከጭንቅላቴ አልወጣም።

በማግስቱ ጋሼ ጃኩን ፈቶ አየው። «ሠርጉ ትናንት አለቀ እኮ፤ እነዚህን ማን አጋባቸው?» አለኝ። እግር አንድንና ሦስትን ማለቱ ነው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

መልሱን ያገኘሁት በኋላ ኤሌክትሮኒክስ ስማር ነው። ያኔ የማስበው ጥሩ ገመድ ጫጫታ አያስገባም ብዬ ነበር። ያስገባል! የመዳቡ መረብ ለአንዳንዱ ነገር ጋሻ ነው። ከምጣዱ ገመድ የሚወጣውን ማግኔት ግን ብዙም አያቆመውም። ሀገራችን ውስጥ መብራቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ ያ መመላለስ የማይኩ ገመድ ላይ ያርፋል። ዘዴው ማስቀረት አይደለም። ዘዴው ሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

ጎርጎራ ሄዳችሁ ጣና ላይ ታንኳ ተሳፈሩ እንበል። ሁለት ልጆች ታንኳው ላይ ቆመዋል። ማን ይረዝማል? ማዕበል ሲመጣ ሁለቱም አብረው ከፍ ይላሉ፣ አብረው ዝቅ ይላሉ። ከዳር ቆማችሁ አንዱን ብቻ ብትለኩ ቁመቱ በየደቂቃው ይለዋወጥባችኋል። ጎን ለጎን አቁማችሁ አንዱን ከሌላው ብታስተያዩ ግን ማዕበሉ የለም። የሚቀረው የልጆቹ ልዩነት ነው። ዲፈረንሻል አምፕሊፋየር የሚባለው ማጉያ የሚያደርገው ይህንን ነው። የሁለቱን ሽቦ ልዩነት ብቻ ያጎላል። ሁለቱ ላይ በጋራ የመጣውን ይተወዋል። የጋራውን ኮመን ሞድ ይሉታል፣ መተዉን ደግሞ ኮመን ሞድ ሪጄክሽን።

አሁን አንዱን ልጅ ፍራሽ ላይ አቁሙት። ማዕበሉ ሲመጣ ፍራሹ ይሰረጉዳል፣ ልጁ ከጓደኛው እኩል አይነሣም። ማዕበሉ ልዩነት ሆነ። ማጉያው ደግሞ ልዩነት ካየ አይምርም፣ እውነተኛ ድምፅ መስሎት ያጎላዋል። እኔ የሠራሁት ይሄንን ነው። አንዱን ሽቦ ከመረቡ ጋር አጋብቼ ፍራሽ ላይ አቆምኩት።

በቁጥር እንየው። ማይክ የሚሰጠው የሰው ድምፅ ጥቂት ሚሊቮልት ነው፣ ሁለት ሚሊቮልት እንበል። ሁለቱም ሽቦ ላይ 100 ሚሊቮልት የመብራት ጫጫታ አረፈ እንበል። ከድምፁ 50 እጥፍ ማለት ነው። በትክክል እኩል ከሆነ ሲቀናነስ ዜሮ። አንዱ በ1 በመቶ ብቻ ቢያንስ ግን 1 ሚሊቮልት ይቀራል። የሽማግሌው ምርቃት ግማሽ! 1 በመቶ እኮ ነው ያልኩት።

ማጉያው ራሱም እንደዚሁ ነው። ትምህርት ቤት ኦፕ አምፕ የሚባል አንድ የማጉያ ቺፕና ኤሌክትሪክ የሚገድቡ አራት እኩል ሬዚስተሮች ሰጥተውን ይህንኑ ማጉያ ሠራን። የኦፕ አምፑ ወረቀት 90 ዴሲቤል ይላል፣ ማለትም የጋራውን ከልዩነቱ 30,000 እጥፍ ያህል ያሳንሳል። ኮራሁ። ስለካው ግን አጠገቡም አልደረሰም። ለካ ሬዚስተሮቹ በ1 በመቶ የሚሳሳቱ ዓይነት ናቸው። አራቱም በክፉ አቅጣጫ ከተሳሳቱ የሚቀራችሁ 34 ዴሲቤል፣ 50 እጥፍ ብቻ ነው። ውዱን ኦፕ አምፕ ገዝቶ በሬዚስተር መቆጠብ ፈረስ ገዝቶ ልጓም እንደመከልከል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ሁለት ሽቦ ያለው ባላንስድ ገመድ ሲባል በአንዱ ሽቦ ፕላስ፣ በሌላው ማይነስ ድምፅ መሄዱ ነው ቁም ነገሩ ይላል። አይደለም። ድምፁ በአንዱ ሽቦ ብቻ ቢሄድ እንኳ፣ ሁለቱ ሽቦዎች ወደ ግራውንድ (መረቡ ወደሚያያዝበት ወገን) ያላቸው ኦም፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያላቸው ተቃውሞ፣ እኩል ከሆነ ጫጫታው ይጠፋል። ሚዛኑ የኦሙ ነው፣ የድምፁ አይደለም። ሽቦዎቹን መጠምዘዝም ለዚሁ ነው። አንዱ ለጫጫታው ሲቀርብ ሌላው ይርቃል፣ ቀጥሎ ይቀያየራሉ፣ መጨረሻ ላይ እኩል ይካፈላሉ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1881 ለስልክ መስመር ፓተንት ያወጣበት ሐሳብ ነው። ሞንታርቦ ከመምጣቱ ስንት ዘመን በፊት!

ዕድለኛ የነበርኩበትንም ልናገር። ሚክሰር ላይ 48 የምትል ቁልፍ አለች። ስትጫን በሁለቱም ሽቦ እኩል 48 ቮልት ትልካለች። እኩል ስለሆነ ያ ተራው ማይክ ልዩነት አያይም፣ ምንም አይሆንም። በእኔ ገመድ ግን አንዱ ወገን ግራውንድ ላይ ነው። ያን ቀን ተጭና ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሪኩ በማይኩ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ያልፍ ነበር፣ ሊጎዳውም ይችል ነበር። ጋሼ ይሄን አልነገረኝም። ምናልባት አዝኖልኝ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት እናቴን ለልብ ምርመራ ወሰድኳት። ኢሲጂ። ደረቷ ላይ፣ እጅና እግሯ ላይ ለጣጥፈው ማሽኑን አበሩት። ወረቀቱ ላይ የወጣው መስመር ወፍሮ ፀጉራም ሆኗል። እናቴ የኔን ፊት ታያለች። እኔ ወረቀቱን አያለሁ። አወቅሁት። 50 ነው! የድሮ ወዳጄ። የልብ ምልክት ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው፣ ሰውነታችን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ካለው መብራት ብዙ ይለቅማል። ሲስተሯ ምንም አልተናገረችም። የግራ እጇን ለጣፊ አነሣች፣ ቆዳዋን በአልኮል ጠረገች፣ ጄል ጨምራ መልሳ ለጠፈች። መስመሩ እንደ ጥለት ጠራ።

ደረቁ ቆዳ ነበር ፍራሹ። አንዱ ለጣፊ በደንብ ይነካል፣ አንዱ አይነካም፣ ኦማቸው ተለያየ። በነገራችን ላይ ቀኝ እግር ላይ የምትለጠፈው አብዛኛውን ጊዜ ልብ ለማዳመጥ አይደለችም። ማሽኑ የጋራውን ጫጫታ ይለካና ገልብጦ በእሷ በኩል ወደ ሰውነት ይመልሰዋል። ማዕበሉን ከሥሩ ያሳንሰዋል። ለእናቴ ይሄን ላስረዳ ስሞክር «ልቤ ደኅና ነው አይደል?» አለችኝ። ደኅና ነው አልኳት። ደኅና ነበር።

ቆይ... መጣ! መብራት መጣ። ሰማችሁ? እምምምም... ይኸው ነው። አዘዞ ላይ የሰማሁት ይሄው ነው። የላፕቶፑ ቻርጀርና ዲቫይደሩ ከገመዱ አጠገብ ናቸው። ልጆቹ ውጭ እንዴት እንደሚጮኹ! አንዴ ጠብቁኝ፣ ደኅናውን ገመድ ልሰካ።

(ዝምታ)

እሺ። አሁንስ? ዲቫይደሩን አልነካሁትም፣ ገመዱ እዚያው ነው የተዘረጋው። እምምታው የለም። ልጆቹ ግን አሉ፣ «መጣ! መጣ!» ይላሉ። እነሱን ማይኩ ራሱ በጆሮው ነው የሰማቸው፣ የትኛውም ገመድ አያወጣቸውም። ደግሞ ባጃጅ እየመጣ ነው። በሉ፣ ሻማዬን ላጥፋ።