የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ አራቱን ወቅቶች የሚወክሉ የእንግሊዝ ሸክላ ምስሎች

ጥያቄ (ከለንደን የደወሉ አድማጭ)፦ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንዲት የሸክላ ሴት ገዛሁ። ቁመቷ ስንዝር ያህል ነው፤ የስንዴ ነዶ ታቅፋ ማጭድ ይዛለች። ሻጩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ናት ብሎኛል። ማን ናት? እውነት የዚያን ዘመን ናት?

መልስ፦ ነዶና ማጭድ ከያዘች በጋ ናት። በእንግሊዝ ስንዴ የሚታጨደው በነሐሴ አካባቢ፣ በጋቸው ሲያበቃ ነው። ብዙውን ጊዜ ምስሎቹ አራት ሆነው ነው የሚሠሩት፤ ጸደይ አበባ፣ መኸር የወይን ዘለላ፣ ክረምት ደግሞ እሳት ይዘው። መነሻቸው የጥንቶቹ የሮማ አማልክት ናቸው፤ የአበባዋ ፍሎራ፣ የእህሏ ሴሬስ፣ የወይኑ ባኮስ። የጀርመኑ የማይሰን ፋብሪካ፣ ኋላም የለንደኑ የቼልሲ ፋብሪካ በፖርሴሊን፣ ማለትም በነጭና ስስ የሸክላ ዓይነት፣ ለባለጸጎች ሠሯቸው። ስታፎርድሺር በተባለው የእንግሊዝ አውራጃ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ግን ሐሳቡን ወስደው በርካሽ ሸክላ ለባለሱቁና ለነጋዴው ቤት አደረሱት። እኔ ከፖርሴሊኖቹ አብልጬ የምወዳቸው እነዚህን ነው። የገጠር ልጃገረድ ፊት አላቸው።

ዕድሜዋን ለማወቅ ከፊቷ ይልቅ ሥሯን ይዩ። ገልብጠው በባትሪ ወደ ውስጥ ያብሩ። የዚያን ዘመን ሠራተኛ ጭቃውን በሁለት የጄሶ ቅርጽ ውስጥ በጣቱ እየጫነ፣ ኋላ ሁለቱን ግማሾች ያጋጥማቸው ነበር። ስለዚህ ውስጧ ወጣ ገባ ካለ፣ ግድግዳዋም ወፍራም ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። በኋላ የተቀዱት ብዙዎቹ ቀጭን ጭቃ በማፍሰስ ስለተሠሩ ውስጣቸው ልሙጥ፣ ክብደታቸውም ቀላል ነው።

ቀጥለው የቀሚሷን እጥፋት ይመልከቱ። የሚያብረቀርቀው ቅብ በተጠራቀመበት ቦታ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ካዩ ፐርልዌር የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሠሪዎቹ የሸክላውን ቢጫነት ለማጥፋት ቅቡ ውስጥ ኮባልት የተባለውን ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ማዕድን ጥቂት ይጨምሩ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ እ.ኤ.አ. በ1779 የራሱን ለገበያ አቅርቧል። ማኅተም ባያገኙ አይዘኑ፤ አብዛኞቹ የላቸውም። የዚያን ዘመን ሸክላ ሠሪዎች የነበሩትን የኒል ወይም የራልፍ ዉድን ስም ቢያገኙም በዚያ ብቻ አይተማመኑ፤ ስምም ይቀዳል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በፎቶ ሳይ አንዳንዶቹ ሰማያዊና ብርቱካንማ ቀለም ብቻ አላቸው፤ ሌሎቹ ሮዝና ቀይ ሆነው ቀለማቸው ተልጧል። ለምን?

መልስ፦ ልዩነቱን ያመጣው እሳቱ ነው። ከመስታወታማው ቅብ በታች የሚቀባ ቀለም የምድጃውን ሙሉ ግለት፣ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማውን መቻል አለበት። ይህን የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው፦ ከኮባልት ሰማያዊ፣ ከማንጋኒዝ ቡናማ፣ ከአንቲሞኒ ቢጫ፣ ከብረት ብርቱካንማ፣ ከመዳብ አረንጓዴ። እነዚህ በቅቡ ስለተሸፈኑ አይለቁም። ሮዝ የፈለገ ሠዓሊ ግን ምስሉ ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ከላይ ይቀባና ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ባለ ቀዝቀዝ ያለ እሳት ዳግም ይተኩሰዋል። ቀለሙ ላይ ላዩን ስለተቀመጠ በዘመናት ንክኪ ይላጣል። የከንፈርና የጉንጭ ቀለም ቶሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው። በትንሽ ብሩሽ ዓይንና ቅንድብ የሳሉት እጆች ስማቸው አልተጻፈም፤ ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ክረምት ለምን እሳት ይይዛል?

መልስ፦ የእነሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚዘልቅ ውርጭና በረዶ ስለሆነ ነው። አንዳንዴ ማንደጃ ላይ እጁን የሚያሞቅ ሽማግሌ፣ አንዳንዴ ካባ የተከናነበች ሴት ሆኖ ይሠራል።

ጥያቄ (የለንደኗ አድማጭ በድጋሚ)፦ ልጠባት?

መልስ፦ ኧረ አይሆንም! ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፏት፤ ቅቡ ላይ ባለው ስንጥቅ ገብቶ ሸክላውን ያቆሽሻል፣ የላላውንም ቀለም ይዞ ይሄዳል። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራዋን ያራግፉ። ሲያነሷትም በሁለት እጅ ከመቆሚያዋ ይያዙ፤ ክንድና ራስ ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ተሠርተው ስለሚለጠፉ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።