ቦክ ቢራ በጎንደር ጓዳ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስርጭት ስለ ቤት ጠመቃ ስናወራ ቦክ የሚባለውን ቢራ አንስቼ ነበር። ቦክ ወፈር ያለ፣ ብቅል ብቅል የሚል፣ ጠንካራ የጀርመን ላገር ነው። ላገር የምለው በብርድ የሚብላላውን ቢራ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ አላርፍ አለ። በሰዓቱ ማነስ በአየር ላይ በወጉ ያልመለስኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

ከአራዳ የደወለ ወንድም፦ «ጠንካራ ቢራ ለማውጣት ለ20 ሊትር ስንት ኪሎ ስኳር ልጨምር?»

ምንም አትጨምር። ስኳር አልኮሉን ያመጣልሃል፣ እሱ እርግጥ ነው። ግን እርሾው ሙልጭ አድርጎ ይበላውና ቢራው ቀጥኖ ይቀራል። ጎርሰህ ስትውጠው አፍህ ላይ የሚቀር ነገር የለውም። የቦክ ነገሩ ሁሉ ብቅሉ ላይ ነው። ጥንካሬውም፣ ቀለሙም፣ ጣዕሙም ከእህሉ ይመጣል።

ቁጥር ልስጥህ። ለ20 ሊትር ተራ ላገር 4 ኪሎ ተኩል ብቅል ይበቃል። ለዶፕልቦክ፣ ማለትም ለድርቡ ቦክ፣ 7 ኪሎ ግድም ያስፈልግሃል። ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ጭማቂው ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካው መሣሪያ፣ ካለህ ከመብላላቱ በፊት 1.075 አካባቢ ያሳይሃል። ተብላልቶ ሲያበቃ 1.018 ላይ ይቆማል። ይሄ ወደ 7 ተኩል ፐርሰንት አልኮል ነው። ከለመድነው ቢራ ከፍ ስለሚል በትንሽ ብርጭቆ ጠጣው።

ከአዘዞ የደወሉ እናት፦ «ልጄ፣ ለጠላ የማበቅለው የገብስ ብቅል አለኝ። በእሱ አይሆንም ወይ?»

ይሆናል እማማ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ በጣም ደስ ያሰኘኝ የእርስዎ ነው። ገብሱን ዘፍዝፈው፣ ቅጠል አልብሰው፣ ሲያቆጠቁጥ ፀሐይ ላይ አድርቀው የሚያስቀምጡት ብቅል ጉልበቱ አልጠፋም። ጉልበቱ የምለው ኤንዛይሙን ነው። የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው እሱ ነው። ያለ እሱ ገንፎ እንጂ ቢራ አይወጣም። ፀሐይ ደግሞ አይገድለውም።

የጎደለው ቃናው ነው። ሙኒክ ያሉት ብቅል ሠሪዎች ብቅሉን ገና እርጥብ ሳለ ማሞቅ ይጀምራሉ፣ መጨረሻ ላይ ወደ 100 ዲግሪ አድርሰው ያደርቁታል። በዚያ ሙቀት ስኳሩና ፕሮቲኑ ተገናኝተው አዲስ ቀለምና አዲስ ሽታ ይፈጥራሉ። ድፎ ዳቦ ተከፍቶ ሲወጣ ቅርፊቱ ላይ የሚሸተው ያ ሽታ ነው።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያድርጉ። ከ7 ኪሎው 2 ኪሎ ይለዩ። ሥሩን አሽተው ያራግፉ። ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ነክረው ያጥልሉት። ከዚያ ምጣድ ላይ፣ ለዘብ ባለ እሳት፣ እጅዎን ሳያሳርፉ ያምሱት። መጀመሪያ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ሽታውም የተቀቀለ እህል ነው። ቆየት ሲል ሽታው ይለወጣል። ያኔ አንዷን ፍሬ በጥርስ ሰበር አድርገው ውስጧን ይዩ። ነጭ ከሆነች ይቀጥሉ። የማር ቀለም ከያዘች ያውርዱ። እንደ አሻሮ እስኪጠቁር እንዳይጠብቁ፣ ከጠቆረ ጣዕሙ ቡና ቡና ይላል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይረፍና ካልታመሰው 5 ኪሎ ጋር ይቀላቀል። የታመሰው ኤንዛይሙ ስለሞተ ያልታመሰው ነው ሥራውን የሚሠራለት።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ባቫሪያዎች ድፍድፉን በአንዴ አያሞቁትም። ወፍራሙን ሲሶ ቀድተው ለብቻው ያፈሉና መልሰው ይጨምሩታል። ይሄ ጣዕሙን በደንብ ያጎላዋል። ድፍድፉ 55 ዲግሪ ላይ እያለ ሲሶውን ይቅዱ። 70 ዲግሪ ላይ ሩብ ሰዓት አቆይተው፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ያፍሉትና ይመልሱት። ጠቅላላው ወደ 66 ዲግሪ ይደርሳል። እዚያ ላይ ሸፍነው አንድ ሰዓት ያቆዩት። ማለቁን ለማወቅ ከፋርማሲ የቁስል አዮዲን ይግዙ። ከድፍድፉ ውሃ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ አድርገው አዮዲን ጠብ ያድርጉበት። ከጠቆረ ስታርች አለ፣ ይቆይ። ቡናማ እንደሆነ ከቀረ አልቋል።

ከሳሙና በር፦ «ሆፕስ ካጣሁ ጌሾ ልጨምርበት?»

ይመራል፣ መጠጥም ይሆናል። ቦክ ግን አይሆንም። ጌሾና ሆፕስ፣ የቢራ ጌሾ የምንለው ማለቴ ነው፣ ዝምድና የላቸውም። የጌሾ ምሬት ከጠላ ጋር ያምራል፣ እዚህ ላይ ግን ብቅሉን ይጫነዋል። ሆፕስ ካገኘሽ ጥቂት ይበቃሻል፣ ቦክ ላይ ምሬቱ ከኋላ ነው የሚቆመው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን በ93 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ምሬቱ ከሆፕሱ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በ60 ደቂቃ ፈንታ 90 ደቂቃ አፍዪው።

አንድ አድማጭ፦ «የጀርመን መነኮሳት በጾም የሚጠጡት ቢራ ነው የሚባለው እውነት ነው? እኛስ በዐቢይ ጾም መጠጣት እንችላለን?»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቢራው የተነሳው በሰሜን ጀርመን ካለችው አይንቤክ ከተማ ነው። የሙኒክ ሰዎች የከተማዋን ስም በራሳቸው ዘዬ ሲጠሩት «አይን ቦክ» ሆነ። በጀርመንኛ «አንድ ወንድ ፍየል» ማለት ነው። ጠርሙሶቹ ላይ ፍየል የምታየው ለዚያ ነው። ድርቡን ቦክ ያወጡት ሙኒክ የነበሩ የፓውላው የቅዱስ ፍራንሲስ መነኮሳት ናቸው። ጾማቸው ጥብቅ ስለነበር ገንቢውን ቢራ እንደ ምግብ ይቆጥሩት ነበር። «ፈሳሽ ዳቦ» የሚባለው ከዚያ ነው። ቢራቸው ሳልቫቶር ተባለ፣ አዳኝ ማለት ነው። ሌሎቹ ጠማቂዎችም እሱን እያዩ የቢራቸውን ስም «አቶር» ላይ ይጨርሱት ጀመር።

ሁለተኛውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ ጠማቂ ነኝ።

ከማራኪ የደወለ ተማሪ፦ «ላገር ብርድ ይፈልጋል ይላሉ። የተከራየሁት ክፍል ፍሪጅ የለውም። ተስፋ ልቁረጥ?»

አትቁረጥ፣ ግን ወሩን ምረጥ። የላገር እርሾ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ብርድ መሥራት ይወዳል። በሙቀት ከሠራ ቢራው የበሰበሰ ፍራፍሬና አልኮል አልኮል ይሸታል። ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የጎንደር ሌሊት ይረዳሃል። ቀን ቀን ደግሞ ቢራው የሚብላላበትን ባልዲ ጥልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠህ ውሃ ሙላበት። በላዩ ላይ ጫፉ ውሃው ውስጥ የገባ አሮጌ ጨርቅ አልብሰው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጨርቁ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሳፋው ውስጥ በረዶ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ ጠዋትና ማታ ቀያይር። በረዶውን ጎረቤት ፍሪጅ ያስቀምጡልሃል። በክረምት ይሄን አትሞክረው፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ጨርቁ አይደርቅም።

ሁሉንም ቀን መጠበቅ ካቃተህ የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት አጥብቀህ ያዝ። መጥፎው ጣዕም የሚገባው ያኔ ነው።

እርሾው ላይ አትሰስት። ለ20 ሊትር ድርብ ቦክ ባለ 11.5 ግራም ፓኬት ቢያንስ 3 ያስፈልግሃል። ዋጋው ከከበደህ መጀመሪያ ቀለል ያለ ላገር ጥመቅ። እሱን ስትቀዳ ከሥሩ የሚቀረውን አተላ አትድፋው። ያ ሁሉ ሕያው እርሾ ነው፣ የቦክህን የብቅል ጭማቂ በላዩ ገልብጥበት። የዳቦ እርሾ ግን አይሆንም።

ሸክላ ጋንም አልመክርህም። በወይራ የታጠነ ጋን ለጠላ ነፍስ ነው። ለቦክ ግን ጭሱ ይገባበታል፣ ቀዳዳዎቹም በደንብ አይጸዱም። ክዳን ያለው የምግብ ባልዲ ይሻልሃል።

ስሟን ያልነገረችን እህት፦ «ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ቂቤ ቂቤ ይሸታል፣ ትንሽም የተበላሸ እንቁላል። ልድፋው?»

በፍጹም! የእንቁላሉ ሽታ ድኝ ነው፣ ላገር ላይ የተለመደ ነው። በብርድ ሲቆይ ይሄዳል። ቂቤውን ራሱ እርሾው ነው ያመጣው፣ ራሱ መልሶ ይበላዋል፣ ትንሽ ሙቀት ከሰጠሽው። ባልዲውን ከሳፋው አውጪና 16 እና 18 ዲግሪ መሀል ላይ 3 ቀን አቆዪው። ከዚያ በብርጭቆ ቀድተሽ፣ ክዳን ደፍተሽ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት አኑሪው። ክዳኑን ከፍተሽ አሽቺው። ቂቤው ከጠፋ ወደ ብርዱ ይመለስ። ካልጠፋ አሁንም ጊዜ ስጪው።

ከፒያሳ፦ «ጠርሙስ ውስጥ መቼ ላስገባው? ይፈነዳል ሲሉ ፈራሁ።»

መፍራትህ ልክ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሃይድሮሜትሩ 1.026 ላይ ሁለት ቀን ስለቆመ ብቻ ያለቀ መስሎኝ ጠርሙስ ሞላሁ። ለካ እርሾው በርዶት ተኝቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጓዳ ውስጥ 4 ጠርሙስ ተከታትሎ ፈነዳ፣ ስብርባሪው ግድግዳው ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ልጆቹ ሳሎን ስለነበሩ ነው የተረፉት።

ስለዚህ መጀመሪያ ከብርዱ አውጥተህ አሙቀው። በሦስት ቀን ልዩነት ሁለቴ ለካ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ አልቋል። ከዚያ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 6 ሳምንት ይተኛ። መብራት ቢጠፋ አትደንግጥ፣ የሞላ ባልዲ ቶሎ አይሞቅም፣ በሩን ብቻ አትክፈት። ሲወጣ በሊትር 5 ግራም ስኳር፣ ለ20 ሊትር 100 ግራም መሆኑ ነው፣ በፈላ ውሃ አሟሙተህ ቀላቅል። ስኳር የምትነካው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ወፍራም ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ተጠቀም፣ ቆርኪው አዲስ ይሁን። ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ 3 ሳምንት አስቀምጠው።

ህዳር ላይ ከጠመቅከው ለፋሲካ ይደርሳል።